ጂን የሚጥሉ ጥገኛ ዕፅዋት ጂኖማቸው ለምን ይገዝፋል?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የሁለተኛ ዲግሪ የግብርና ተማሪ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጥገኛ ተክሎች ምግባቸውን ከሌላ ተክል ስለሚወስዱ የማያስፈልጋቸውን ጂን ይጥላሉ ተብለን ተምረናል። የአውሮፓው ተቀጽላ ጂኖም ግን ከሰው 30 እጥፍ እንደሚበልጥ አነበብኩ። ጂን የሚጥል ተክል ጂኖሙ እንዴት ይገዝፋል? የክሮሞሶም ቁጥሩስ አብሮ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ይህ ሁሉ ለአቀንጭራ መከላከል የሚረዳው ነገር አለ? ለመመረቂያዬ በአገራችን ጥገኛ ተክሎች ላይ የክሮሞሶም ቆጠራ ልሠራ አስቤያለሁ።»

የተማሩት ትክክል ነው፤ ያነበቡትም ትክክል ነው። ጂኖም ማለት የአንድ ፍጥረት ሙሉ የዲኤንኤ ስብስብ ነው። የተጋጩ የሚመስሉት የጂን ብዛት፣ የዲኤንኤ መጠንና የክሮሞሶም ቁጥር እንደ አንድ ነገር ስለሚታዩ ነው። ሦስቱ ግን የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ጂን የሚጠፋው ሥራ ሲያጣ ነው። ዲኤንኤ የሚከማቸው ራሱን የሚያባዛው ክፍል ከሚወገደው ሲበልጥ ነው። የክሮሞሶም ቁጥር የሚለወጠው ክሮሞሶሞች ሲሰበሩ፣ ሲዋሐዱ ወይም ሙሉ ስብስቡ ሲባዛ ነው። ጥገኝነት ሦስቱንም ይነካል፤ የሚነካቸው ግን በተለያየ መንገድ ነው። እኔ ነገሩን የምረዳው እንዲህ ነው፦ ጥገኛ መሆን በተክሉ ላይ የነበሩ ገደቦችን ያነሣል፤ ገደቡ ከተነሣ በኋላ ጂኖሙ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ግን የእያንዳንዱ የዘር ሐረግ የራሱ ታሪክ ነው።

ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ግልጹ የሰንደል ዛፍና የአውሮፓው ተቀጽላ ናቸው። ሁለቱም ሳንታላሌስ በሚባለው ክፍለ መደብ ውስጥ ይመደባሉ፤ ሁለቱም ከፊል ጥገኛ ናቸው፤ ማለትም አረንጓዴ ቅጠል አላቸው፣ ውሃና ማዕድን ግን ከአስተናጋጅ ተክል ይስባሉ። የሕንዱ ሰንደል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሳንታለም አልበም፣ ሥሩን ከጎረቤት ዛፎች ሥር ጋር ያጣብቃል። ተቀጽላው፣ ቪስኩም አልበም፣ ቅርንጫፍ ላይ ተተክሎ ይኖራል። የሁለቱም ክሮሞሶም 2n=20 ነው፤ ማለትም በአንድ የሰውነት ሕዋስ ውስጥ አሥር ጥንድ፣ በድምሩ 20 ክሮሞሶም አለ። የሰንደሉ ጂኖም 220 ሚሊዮን ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ ሲሆን፣ የተቀጽላው ወደ 90 ቢሊዮን ይጠጋል። የክሮሞሶም ቁጥራቸው እኩል ሆኖ የዲኤንኤ መጠናቸው 400 እጥፍ ያህል ይለያያል ማለት ነው። የተቀጽላው አንድ ክሮሞሶም በአማካይ 9 ቢሊዮን ቤዝ ጥንድ ይይዛል፤ ይህም ከሰው ሙሉ ጂኖም ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። እነዚህን ሁለት ተክሎች ጎን ለጎን ያየ ሰው የክሮሞሶም ቁጥር አይቶ ስለ ጂኖም መጠን መገመት እንደማይቻል ወዲያው ይረዳል። ጥገኝነት ብቻውን ጂኖምን እንደማያገዝፍም እንዲሁ፤ ሰንደሉም ጥገኛ ነውና።

ታዲያ በተቀጽላው ውስጥ ያ ሁሉ ዲኤንኤ ምንድን ነው? አብዛኛው ተደጋጋሚ ዲኤንኤ ነው። በዕፅዋት ዘንድ በዚህ ረገድ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ሬትሮትራንስፖዞኖች፣ በተለይም በሁለት ጫፋቸው ኤልቲአር የሚባል ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ያላቸው ናቸው። ሬትሮትራንስፖዞን መጀመሪያ ወደ አርኤንኤ ይገለበጣል፤ አርኤንኤው ተመልሶ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጥና አዲሱ ቅጂ ሌላ ቦታ ይሰካል። የመጀመሪያው ቅጂ ከቦታው አይነሣም። አንድ ገጽ በፎቶ ኮፒ እየተባዛ ቅጂዎቹ በዚያው መዝገብ ገጾች መሀል በዘፈቀደ ሲሰኩ ቢያስቡት ሂደቱን ያገኙታል፤ መዝገቡ ይወፍራል፣ የተጻፈው ቁም ነገር ግን አይጨምርም። ሕዋስ ይህን ዝም ብሎ አያይም። አንደኛ፣ ቅጂዎቹን በኬሚካል ምልክት አፍኖ ያስቀምጣቸዋል። ሁለተኛ፣ ሁለቱ የኤልቲአር ጫፎች ተመሳሳይ ስለሆኑ በመካከላቸው መዋሐድ ሲፈጠር መሀሉ ተቆርጦ ይወጣና አንድ ብቸኛ ኤልቲአር ይቀራል። ሦስተኛ፣ የተሰበረ ዲኤንኤ ሲጠገን ጥቃቅን ቁራጮች ይወገዳሉ። የጂኖም መጠን የሚወሰነው በመባዛትና በመወገድ መካከል ባለው ሚዛን ነው። ሚዛኑ በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ጥቂት ወደ መባዛቱ ካደላ ውጤቱ እንደ ቪስኩም ያለ ጂኖም ነው።

ይህን በአንድ ወገን ውስጥ ማየት ከፈለጉ ኩስኩታን ይመልከቱ። ቅጠልም ሥርም የሌለው፣ እንደ ቢጫ ክር በሌላ ተክል ላይ የሚጠመጠመው ጥገኛ ነው፤ በአገራችን የኑግ ማሳ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ገበሬው ያውቀዋል። ወደ አሜሪካ የሚገባ የኑግ ዘር በሙቀት እንዲታከም የሚጠየቅበት አንዱ ምክንያትም ከዘሩ ጋር የሚደባለቀው የኩስኩታ ፍሬ ነው። ተመራማሪዎች 12 የኩስኩታ ዝርያዎችን አነጻጽረው ባገኙት ውጤት፣ መደበኛ ሴንትሮሜር (ሕዋስ ሲከፈል ክሮሞሶሙ የሚጎተትበት አንድ ቦታ) ባላቸው ዝርያዎች መካከል ትንሹ ጂኖም 342 ሚሊዮን፣ ትልቁ 34.7 ቢሊዮን ቤዝ ጥንድ ሆኖ ተመዝግቧል። ልዩነቱ 102 እጥፍ ነው። አኗኗራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉም ይጠመጠማሉ፣ ሁሉም ይመጥጣሉ። የለያያቸው ኤልቲአር ሬትሮትራንስፖዞንና ሳተላይት ዲኤንኤ የሚባለው፣ አጫጭር ቅደም ተከተሎች ሺህ ጊዜ ተደጋግመው የሚደረደሩበት ክፍል በየዝርያው በተለያየ መጠን መከማቸቱ ነው።

እዚህ ላይ «ጥገኝነት ገደብ ያነሣል» ያልኩትን ላብራራ። ብዙ ዲኤንኤ መሸከም ዋጋ አለው። ዲኤንኤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋል፤ በድሃ አፈር ላይ በራሱ ሥር ለሚኖር ተክል ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ከአስተናጋጁ የተዘጋጀ ንጥረ ነገር ለሚስብ ጥገኛ ግን ወጪው ይቀልለታል የሚል መላምት አለ። ሌላው ምክንያት ጊዜ ነው። ኑክሊየሱ ትልቅ የሆነ ሕዋስ ዲኤንኤውን ቀድቶ ለመከፈል ረዥም ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ግዙፍ ጂኖም ያለው ተክል ሥሩን በፍጥነት ወደ አፈር መስደድ ይቸግረዋል። እንደ ተቀጽላ በአፈር ውስጥ ሥር የማይሰድ ተክል ግን ከዚህ እሽቅድምድም ውጭ ነው። ቪስኩም አልበም በእርግጥ ቸኩሎ አያድግም፤ ቅርንጫፎቹ በተለምዶ በዓመት አንዴ ነው ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚከፈሉት፤ ዕድሜውን ሹካዎቹን በመቁጠር መገመት ይቻላል።

ይህ መላምት ማራኪ ነው፤ ብቻውን ይበቃል ብዬ ግን አላምንም። በተቃራኒው ያሉት ምሳሌዎች ብዙ ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ2018 የተነበበው የኩስኩታ አውስትራሊስ ጂኖም 270 ሚሊዮን ቤዝ ጥንድ ገደማ ብቻ ነው። በአቀንጭራ ወገን፣ ማለትም በስትሪጋ፣ ቀዩ አበባ ስትሪጋ ኤዥያቲካ 600 ሚሊዮን አካባቢ ነው፤ በዚያው ወገን ስትሪጋ ፎርቤሲ ደግሞ 2.4 ቢሊዮን አልፎ ተለክቷል። አቀንጭራ የዓመት ተክል ነው። አስተናጋጁ ማሽላ ደርቆ ከመታጨዱ በፊት በቅሎ፣ ተጣብቆ፣ አብቦ ዘር መጣል አለበት። እንደዚህ የጊዜ ጫና ያለበት ጥገኛ 90 ቢሊዮን ቤዝ ጥንድ ተሸክሞ ይዘልቃል ብዬ አልጠብቅም። ስለዚህ በጥገኞች ላይ የጂኖም መጠን ጥናት ሲነበብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ጥገኛ ነው ወይ?» የሚለው ሳይሆን «ስንት ዓመት ይኖራል? በምን ፍጥነት ያድጋል?» የሚለው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጂኖች ልመለስ፤ ጥገኝነት ግልጽ አሻራውን የተወው እዚህ ነውና። አበባ ካላቸው ተክሎች 1 በመቶ ያህሉ፣ ከ4,500 በላይ ዝርያዎች፣ ጥገኛ ናቸው። ይህ አኗኗር በዝግመተ ለውጥ ታሪክ 12 ጊዜ ገደማ ለየብቻ ተነሥቷል። ለየብቻ የተነሡት የዘር ሐረጎች የጣሉት ጂን ተመሳሳይ መሆኑ ነው አስደናቂው። የብርሃን አስተፃምሮ ጂኖች መጀመሪያ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ሥርና ቅጠል የሚገነቡ፣ የቀን ርዝመትን የሚለኩ፣ ንጥረ ነገር ከአፈር የሚስቡ ጂኖች ይከተላሉ። ኩስኩታ አውስትራሊስ በሌሎች ዕፅዋት ዘንድ ጸንተው ከኖሩት የጂን ቡድኖች 11.7 በመቶውን አጥቷል።

ወደ ሙሉ ጥገኞች ሲሄዱ ነገሩ ይከብዳል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች የሚገኘው ሳፕሪያ ሂማላያና ሙሉ ሕይወቱን በወይን ቤተሰብ ሐረግ ውስጥ እንደ ክር ተበታትኖ ያሳልፋል፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ለማበብ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጂኖሙ ሲታተም ከጸኑት የዕፅዋት ጂኖች 44 በመቶውን ማጣቱ ታየ። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት በሌላ የማነጻጸሪያ ስሌት 38 በመቶ አድርጎታል፤ ባላኖፎራ የተባለውን ሌላ ሙሉ ጥገኛ ደግሞ 28 በመቶ። ተማሪዎች እነዚህን መቶኛዎች ሲጠቅሱ ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደተሰላ አብረው እንዲጽፉ እመክራለሁ፤ መነሻው ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል።

የእርስዎ ጥያቄ ሙሉ መልስ ያለው እዚሁ ሳፕሪያ ላይ ነው። ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው የጂን ክምችቱን ያጣው ይህ ተክል ጂኖሙ 3.5 ቢሊዮን ቤዝ ጥንድ አካባቢ፣ ከሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ተደጋጋሚ ዲኤንኤ ነው። በቀሩት ጂኖች ውስጥ እንኳ ኢንትሮን የሚባሉት፣ ፕሮቲን ከመሠራቱ በፊት ተቆርጠው የሚወጡት ክፍሎች፣ በትራንስፖዞን ተሞልተው እጅግ ረዝመዋል፤ ረዥሙ 98 ሺህ ቤዝ ጥንድ ገደማ ነው። በሌላ በኩል አንዳንድ ጂኖች ኢንትሮናቸውን ጨርሰው አጥተዋል። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ማጥፋትና ማከማቸት ጎን ለጎን እየሠሩ ነው። ጂኖቹ የጠፉት ጥቅም ስላልነበራቸው ነው፤ ተደጋጋሚው ዲኤንኤ የበዛው ደግሞ የሚከለክለው ስለላላ ነው። ሁለቱም የመጡት የተፈጥሮ ምርጫ ዓይኑን ካነሣበት ቦታ ነው፤ በሒሳብ መጠኑ ላይ ያላቸው ውጤት ግን ተቃራኒ ነው፣ የሁለተኛውም ከመጀመሪያው በብዙ ይበልጣል። አሥር ሺህ ጂን ቢጠፋ የሚቀነሰው ጥቂት አሥር ሚሊዮን ቤዝ ጥንድ ነው፤ አንድ የተሳካለት የሬትሮትራንስፖዞን ቤተሰብ ብቻውን ቢሊዮን ሊጨምር ይችላል።

ክሎሮፕላስት የራሱ ትንሽ ጂኖም ስላለው የማነሱ ነገር እዚያ ጎልቶ ይታያል፤ ከዋናው ጂኖም ጋር መምታታት የለበትም። የትምባሆ ክሎሮፕላስት 156 ሺህ ቤዝ ጥንድ ያህል ነው። የሰሜን አሜሪካው ሙሉ ጥገኛ ኤፒፋገስ 70,028 ብቻ እንደቀረው በ1992 ታውቋል። ከደቡባዊ አፍሪካ የሆነው ሃይድኖራ ቪሴሪ 27 ሺህ ያህል ነው። ዘመዱ ሃይድኖራ አቢሲኒካ ስሙን ያገኘው ከአገራችን ነው። በራፍሌሲያ ቤተሰብ፣ ሳፕሪያን ጨምሮ፣ ከነጭራሹ የክሎሮፕላስት ጂኖም አልተገኘም። ቪስኩም ደግሞ ማይቶኮንድሪያው ላይ ሌላ ጉድ አለው፤ በመተንፈሻ ሰንሰለቱ የመጀመሪያ የሆነውን ኮምፕሌክስ አንድን አጥቷል። ብዙ ሕዋስ ካላቸው ፍጥረታት ያለዚህ ክፍል ሲኖር የታየ መጀመሪያው እሱ ነው። ያ ሁሉ 90 ቢሊዮን ቤዝ ጥንድ ባለበት ተክል፣ በሌሎች ተክሎች ዘንድ ግዴታ ይመስል የነበረ የኃይል ማመንጫ ክፍል ጠፍቶ ተገኘ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ የክሮሞሶም ቁጥር ነበር። መልሱ በአንድ አቅጣጫ አይሄድም፤ ሆኖም ሦስት ታሪኮች በደንብ ተጠንተዋል።

አንደኛው የኦሮባንኬና የፌሊፓንኬ ነው። ቀድሞ በአንድ ስም ይጠሩ የነበሩት እነዚህ የሥር ጥገኞች መሠረታዊ ቁጥራቸው፣ ማለትም በአንድ ስብስብ ያለው የክሮሞሶም ብዛት (x)፣ ይለያያል፤ በኦሮባንኬ x=19፣ በፌሊፓንኬ x=12 ነው። በትግራይና በወሎ ባቄላን የሚያጠቃው ኦሮባንኬ ክሬናታ 2n=38 ነው። የሱፍ ጠላት የሆነው ኦሮባንኬ ኩማና 2n=38 ሆኖ ጂኖሙ 1.4 ቢሊዮን ቤዝ ጥንድ ገደማ ሲሆን፣ 2n=24 ያለው ፌሊፓንኬ ኢጂፕቲያካ 3.9 ቢሊዮን አካባቢ ነው። ክሮሞሶሙ ያነሰው ጂኖሙ በለጠ።

ሁለተኛው ወደ ኩስኩታ ይመልሰናል፤ እኔን ከሁሉ የሚስበኝም ይሄኛው ነው። በአብዛኞቹ ተክሎች እያንዳንዱ ክሮሞሶም ሕዋስ ሲከፈል የሚጎተትበት አንድ ቦታ አለው፤ ሴንትሮሜር። በአንዱ የኩስኩታ ንዑስ ወገን ግን ክሮሞሶሞቹ ሆሎሴንትሪክ ሆነዋል፤ የሚጎትቱት ክሮች በክሮሞሶሙ ርዝመት ሁሉ ይያያዛሉ። እንደዚህ ዓይነት ክሮሞሶም ቢሰበር ቁራጩ አይጠፋም፣ እሱም መያዣ አለውና። ስለዚህ በነዚህ ዝርያዎች ቁጥሩ እየተሰበረ ይበዛል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። የተገኘው ተቃራኒው ነው፤ መሠረታዊ ቁጥሩ በመደበኞቹ x=15 ወይም 16 ሲሆን በሆሎሴንትሪኮቹ x=7 ነው። ጂኖማቸውም ከ533 ሚሊዮን እስከ 1.5 ቢሊዮን ባለው ክልል ተወስኗል፤ 102 እጥፍ የሚለው ግዙፍ ልዩነት ያለው በሌሎቹ ዘንድ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይደንቃል። በኩስኩታ ዩሮፔያ፣ ሴንትሮሜርን የሚያመለክተው ሴንኤችስሪ የተባለው ሂስቶን (ዲኤንኤ የሚጠቀለልበት ፕሮቲን) ያለው በየክሮሞሶሙ በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ክሮቹ የሚያያዙት ግን በርዝመቱ ሁሉ። ሂስቶኑ ባለበትና ክሩ በተያያዘበት መካከል የነበረው ዝምድና ተቋርጧል ማለት ነው። በ2023 የወጣ ሥራ እንዳሳየው በነዚህ ዝርያዎች መደበኛው የካይኔቶኮር፣ ማለትም ክሮቹን ከክሮሞሶሙ ጋር የሚያያይዘው የፕሮቲን ስብስብ፣ አሠራር ተናግቷል፤ ከመሠረታዊ ፕሮቲኖቹ የተወሰኑት ጠፍተዋል ወይም ተለውጠዋል። ይህ የመጣው ከጥገኝነት ነው ለማለት ግን አያስደፍርም፤ ሌሎቹ የኩስኩታ ዝርያዎች እኩል ጥገኛ ሆነው መደበኛ ሴንትሮሜራቸውን ይዘዋል። ጥገኛ ያልሆኑ ሆሎሴንትሪክ ተክሎችም አሉ።

ሦስተኛው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። ቪስኩም ፊሼሪ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ተክል ላይ የሆነ ተቀጽላ ነው። የሴቴዋ ክሮሞሶም 22፣ የወንዴው 23 ነው። በወንዴው ውስጥ፣ ሚዮሲስ (የመራቢያ ሕዋሶችን የሚያስገኘው የሕዋስ ክፍፍል) በሚካሄድበት ጊዜ ዘጠኝ ክሮሞሶሞች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው አንድ ሰንሰለት ይሠራሉ። ምክንያቱ የክሮሞሶም ቁራጮች ቦታ ተለዋውጠው ስለነበር ጥንዶቹ በከፊል ብቻ መመሳሰላቸው ነው፤ እያንዳንዱ ግማሹን ከአንዱ፣ ግማሹን ከሌላው ጋር ይጣመራል። ሰንሰለቱ ተራ በተራ ወዲህና ወዲያ ሲከፈል ጾታን የሚወስኑት ክፍሎች ከነአጃቢዎቻቸው አብረው ይተላለፋሉ። ይህ ሥራ የተሠራው በ1970ዎቹ፣ በተራ ማይክሮስኮፕ ነበር። ዛሬም ቢሆን ክሮሞሶምን በዓይን ማየት ቦታውን የሚወስድበት የለም፤ የጂኖም ንባብ ብቻውን ይህን ሰንሰለት ባላሳየን ነበር። የእርስዎን ሐሳብ የምደግፈውም ለዚህ ነው።

ስለ አቀንጭራ ግልጽ ላድርግ። የጂኖሙ መጠን በራሱ ለመከላከል ምንም አይሰጥም። የሚጠቅመው በውስጡ የበዙትን ጂኖች ማወቅ ነው። ጥገኛ ጂን ብቻ አይጥልም፤ የሚያስፈልገውን ያባዛል። አቀንጭራ ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ የሚበቅለው የአስተናጋጁ ሥር የሚለቀውን ስትሪጎላክቶን የተባለ ኬሚካል ሲያሸት ነው። ሌሎች ተክሎች ጢስን የሚያውቁበት ኬኤአይቱ የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን በአቀንጭራ ወገን ተባዝቶና ተለውጦ የስትሪጎላክቶን ማሽተቻ ሆኗል፤ ወይን ጠጅ አበባ ያለው ስትሪጋ ሄርሞንቲካ ከነዚህ 11 አለው፤ አንዱም እጅግ በሚያስገርም አነስተኛ መጠን ይነቃል። የሙሉ ጂኖም መባዛት ለእንዲህ ዓይነት ለውጥ ጥሬ ዕቃ አቅርቧል። ከአስተናጋጅ የተሻገሩ ጂኖችም አሉ፤ በስትሪጋ ሄርሞንቲካ ውስጥ ከማሽላ ዘመዶች የመጣ ጂን በ2010 ታውቋል፤ በኩስኩታ ካምፔስትሪስ ደግሞ ከመቶ በላይ ተለይተዋል።

በማሽላው በኩል ያለው ሥራ የዚህ ተቃራኒ ገጽ ነው። የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸላሚ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ የተሳተፉባቸው ሥራዎች ዘሩን በደካማ ሁኔታ የሚቀሰቅሱ ማሽላዎችን ለይተው ወደ ማሳ አውጥተዋል፤ ጎቢዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች የዚህ ፍሬ ናቸው። በ2017 ምክንያቱ እስከ ጂኑ ድረስ ተገለጸ። ኤልጂኤስ አንድ የተባለው ጂን ሥራ ሲያቆም ማሽላው የሚለቀው ስትሪጎላክቶን ከአምስት ዲኦክሲስትሪጎል ወደ ኦሮባንኮል ይለወጣል፤ አቀንጭራውም በሚገባ አይነቃም። ግን ስትሪጋ ሄርሞንቲካ ከሌላ ተክል ካልተዳቀለ የማያፈራ፣ አንዱ ብቻውን አሥር ሺዎች ዘር የሚጥል ተክል ነው። የተቀባይ ጂኖቹ ልዩነት በየአካባቢው ሰፊ ከሆነ አንድ የመከላከያ ጂን ብቻውን ለረዥም ጊዜ ያዋጣል ብሎ መተማመን ያሰጋኛል። በአማራ፣ በትግራይና በቤኒሻንጉል የተሰበሰበ አቀንጭራ ላይ የነዚህ ተቀባዮች ልዩነት ቢጠና ከጂኖም መጠን ልኬት ይልቅ ለአርቢው በቀጥታ ይጠቅመዋል።

ስለ ክሮሞሶም ቆጠራዎ የምሰጠው ምክር ይኸው። የመጀመሪያው ችግር ሥር ነው። በተለመደው አሠራር ክሮሞሶም የሚቆጠረው ከሥር ጫፍ ሲሆን ጥገኛ ተክል ግን ወይ ሥር የለውም፣ ወይ ያለው ለዚህ አይመችም። ለአቀንጭራና ለኦሮባንኬ ገና ያልፈኩ እንቡጦችን ይጠቀሙ፤ በአበባ ዱቄት እናት ሕዋሶች ውስጥ ሚዮሲስን ያገኛሉ። ከአንድ ተክል ላይ ከታች ወደ ላይ በመጠን የተለያዩ እንቡጦችን ይውሰዱ፣ ትክክለኛው ደረጃ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላልና። ለኩስኩታ የግንዱን ጫፍ ወስደው መጀመሪያ በስምንት ሃይድሮክሲኩዊኖሊን ያቆዩት፣ ክሮሞሶሞቹ እንዲያጥሩ። ሦስት እጅ ኢታኖልና አንድ እጅ ግላሻል አሴቲክ አሲድ በተቀላቀለበት አንድ ቀን ያሳድሩ፤ ከዚያ በ70 በመቶ ኢታኖል ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። አሴቶካርሚን ለማቅለም ይበቃል።

በፍሎ ሳይቶሜትሪ፣ ማለትም የተቀለሙ ኑክሊየሶችን አንድ በአንድ በብርሃን በሚለካ መሣሪያ፣ የዲኤንኤ መጠን የመለካት ዕድል ካገኙ ትልቁ ስጋት የአስተናጋጁ ኑክሊየስ ከጥገኛው ጋር መደባለቁ ነው። መጣበቂያው ያለበትን ክፍል ፈጽሞ አይውሰዱ፤ አስተናጋጁንም ለብቻው ለክተው የሚታይበትን ቦታ ይወቁ። የማሽላ ጂኖም 730 ሚሊዮን፣ የስትሪጋ ሄርሞንቲካ 1.4 ቢሊዮን አካባቢ ስለሆነ፣ በእጥፍ የተባዛ የማሽላ ኑክሊየስ ልክ አቀንጭራ መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድ ፒኮግራም 978 ሚሊዮን ቤዝ ጥንድ ነው፤ ቁጥርዎን ሲጽፉ የአንድ ስብስብ ይሁን የሁለት፣ ማለትም 1ሲ ወይም 2ሲ፣ ሁልጊዜ ይግለጹ።

ከዝርያ ምርጫ አንጻር በግራርና በሌሎች ዛፎች ላይ የምናያቸው ደማቅ ቱቦ አበባ ያላቸው ተቀጽላዎች ሎራንቴሲያ ቤተሰብ ናቸው፤ በአፍሪካ ያሉት እስካሁን የተቆጠሩት n=9፣ ማለትም በአንድ ስብስብ ዘጠኝ ክሮሞሶም ያላቸው ናቸው፣ ከእነሱ ብዙ አዲስ ነገር አይጠብቁ። አበባው ደቃቅና አረንጓዴማ የሆነው ቪስኩም ግን በየዝርያው ቁጥሩ ስለሚለያይ እሱ ላይ ቢያተኩሩ ይሻላል። ወንዴና ሴቴው የተለያየ ሆኖ ካገኙት ከሁለቱም ለየብቻ ይቁጠሩ፣ በወንዴው ሚዮሲስ ላይ ሰንሰለት ካለ ይፈልጉ። ከቆጠሩበት ከእያንዳንዱ ተክል ናሙና ተጭኖና ደርቆ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ የአስተናጋጁን ስምም መለያው ላይ ይጻፉ። የአቀንጭራና የኩስኩታ ናሙና ከማሳ ሲያወጡ በታሸገ ከረጢት ይሁን፤ የተረፈውን ያቃጥሉት፣ ጫማዎንና ልብስዎንም ከማሳው ሳይወጡ ያራግፉ።